ዙቤዳ ዝም ያለች ሰሞን

ሽኩር ሚስቱን ማር ስትሰርቅ የያዛት ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ ነው። ሳሎኑ ገና አልነጋበትም። ዙቤዳ የሞባይሏን መብራት ብፌው ላይ ካለ ብርጭቆ ጋር አስደግፋ፣ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ቆማ፣ የማሩን ጠርሙስ ብብቷ ስር ሸጉጣ ማንኪያ ትልሳለች። በሩ ሲከፈት ዞረች። ተያዩ። የተያዘው እሱ ቢሆን ኖሮ ከኮልፌ አጠና ተራ እስከ ዘነበወርቅ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር። ዙቤዳ ግን መናገር አይፈቀድላትም። ማንኪያውን ከአፏ አወጣች፣ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ከዚያ ማንኪያውን መልሳ ከተተችው።

ማር ሐራም ሆኖባት አይደለም። የከለከላት ዕጣ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቶንሲል እየተመላለሰ ሲጥላት ከርሞ፣ በስተመጨረሻ አንድ ጎኑ መግል ቋጥሮ አፏን መክፈት ሲያቅታት፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከዚህ በኋላ መውጣት አለበት አሏት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሆሳዕና የምትባል ወጣት ዶክተር አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ጥናት እየሠራች መሆኗን ነገረቻት። ቶንሲላቸው የወጣላቸው ትልልቅ ሰዎች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ብቻ ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ ክኒኑ ላይ ማር ይጨመርላቸዋል፤ ከዚያ የማን ሕመም ቶሎ እንደሚቀንስ ይታያል። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ዶክተሯም አትመርጥም፣ በሽተኛዋም አትመርጥም፤ የሚወስነው የታሸገ ፖስታ ነው። ዙቤዳ ማር የሚለውን ስትሰማ ሌላውን አልሰማችም። ማር ውስጥ ለሰው ልጅ ፈውስ እንዳለ በቁርአን ተነግሯል፣ እቤቷ ደግሞ ከአገር ቤት የተላከላት ነጭ ማር ተቀምጧል። የገረማት ሐኪሞቹ እዚህ ለመድረስ ይህን ሁሉ ዓመት መማራቸው ብቻ ነው። በደስታ ፈረመች። ፖስታው ሲከፈት ግን የደረሳት ያለ ማር ሆነ። «ዕጣው ይደገም» አለች። ዶክተሯ አይደገምም አለች። «ዕቁብ እንኳን በልመና ይለወጣል!» አለች ዙቤዳ፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል እየተገፋችም ስለ ዕቁብ ሕግ ታስረዳ ነበር ይባላል።

ትልቅ ሰው ላይ ቶንሲል ሲወጣ እንደ ልጅ አይቀልም። ውኃ መዋጥ ምላጭ መዋጥ ነው፤ ሕመሙ ከጉሮሮ ተነስቶ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ይሁንና ቤተሰቡን ያስጨነቀው ሕመሙ አልነበረም። ከሆስፒታል የወጡ ለታ ሽኩር ራይድ ሊጠራ በር ላይ ሳለ፣ የዶክተሯን ምክር ተቀብላ የመጣችው ልጃቸው ሲሃም ናት። ሲሃም ፋርማሲ ስለምትሠራ የሐኪም ነገር የሚገባው ለእሷ ነው። «ፈሳሽ በብዛት፣ ለስላሳ ምግብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ» አለች በጣቷ እየቆጠረች፣ «እና ቁስሉ እስኪድን ድረስ አንድ ቃል መናገር የለም።» ዙቤዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሽኩር ክው አለ። ዙቤዳ አትናገር ማለት ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮ አይንኳኳ እንደ ማለት ነው።

አጠና ተራ አጠናና ጣውላ ይሸጣሉ። እዚያ አጠናውን የሚደረድረውና የሚመርጠው ሽኩር ነው፣ ዋጋ የምትናገረው ዙቤዳ ናት። እሷ ዋጋውን ሰቅላ ትጀምራለች፣ ደንበኛው ይስቃል፣ እሷ ትቆጣለች፣ ደንበኛው ይሄዳል፣ ትጠራዋለች፣ ይመለሳል፣ ስለ ልጆቹ ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ ይስማማሉ። በዚህ ሰሞን ግን ሽኩር ብቻውን ሆነ። «ስንት ነው?» ሲሉት እውነተኛውን የመጨረሻ ዋጋ ነገራቸው። ደንበኞች ደነገጡ። አንዱማ አጠናውን አገላብጦ አይቶ፣ «ምስጥ ገብቶበታል መሰለኝ» ብሎ ጥሎት ሄደ። ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የፍሪጁን ድምፅ፣ የጎረቤቱን ዶሮ፣ የባኞ ቤቱን ቧንቧ ጠብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ዙቤዳ ከመኝታ ቤት ሆና በቴሌግራም ታዘዋለች፤ «ውኃ» ትለዋለች፣ «ማነው በር ያንኳኳው» ትለዋለች፣ መልስ ሲዘገይባት የተቆጣ ቀይ ፊት ትልክለታለች። ጠያቂም አልጠፋም። ጎረቤታቸው ዘመነች ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር መጥታ ስለ ጉሮሮዋ ጸለየች፤ ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ቀረችና ስለ ምራቷ ያለ የሌለውን ዘርግፋ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ «እንዳንቺ የሚያጽናና ሰው አይቼ አላውቅም» ብላ ወጣች። ዙቤዳ መልስ አፏ ላይ ደርሶባት፣ ትራሱን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር።

የአስኮዎቹ መልእክት የደረሰውም በዚሁ መሐል ነው። ፈሀድ የሚባል፣ አስኮ የሴራሚክ ሱቅ ያለው ልጅ ሲሃምን ፈልጎ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ዙቤዳ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎችን መልሳለች። የመጀመሪያዎቹን ልጅቷ ትመረቅ አለቻቸው፤ ስትመረቅ የመጡትን ሥራ ትያዝ አለቻቸው። አሁን ሥራም ይዛለች። መልእክቱ ሲነገራት ዙቤዳ አልጋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሁለት እጇን አጨበጨበች፣ ወደ በሩ ጠቆመች፣ ራሷን ያዘች። ሲሃም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች እናቷን አየት አደረገችና፣ «እማዬ እሰየው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ይምጡ እያለች ነው» ብላ ተረጎመችው። ቀጠሮው ዛሬ ከዙሁር በኋላ ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እንደ ልማዷ ዶክተር ሆሳዕና ደወለች። ስልኩን የሚያነሳው ሽኩር ነው። ዶክተሯ ሕመሙ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ላይ እንደሆነ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ወደ ዙቤዳ ይዞራል፣ ዙቤዳ ጣቶቿን ታወጣለች። ዛሬ ያወጣችው አንድ እጅ ብቻ ነው።

«አምስት» አለ ሽኩር።

«አምስት? ትላንት እኮ ስምንት ነበሩ» አለች ዶክተሯ። «በዚህ ሰሞን ሕመሙ ይብሳል እንጂ እንዲህ አይወርድም። ጋሽ ሽኩር፣ የተለየ የወሰዱት ነገር አለ?»

ዙቤዳ አመልካች ጣቷን በአንገቷ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሳበች። ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው። ሽኩር ደግሞ ሊዋሽ ሲል ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው። ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ፤ ከኋላው የተወረወረ ትራስ የበሩን መቃን መትቶ ሲወድቅ ሰማ። የልብስ ማጠቢያው ጋ ደርሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተር፣ ማር ልሳለች።»

«ስንት ጊዜ?»

«እኔ የያዝኳት ዛሬ ነው። ጠርሙሱ ግን ተጋምሷል።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ልጅነት ያለበት፣ የደከመው ሳቅ ነው። «ጌታ ይባርክዎት» አለች። «ሌላው ሁሉ ይክደኛል። አንዱማ ጺሙ ላይ ማር ይዞ አልነካሁም ብሎኛል። ማሩ እኮ አይደለም ጥናቴን የሚያበላሸው፣ ውሸቱ ነው። ላሱ ከተባልኩ ልሰዋል ብዬ እጽፋለሁ። ካልተነገረኝ ግን ‹ያለ ማርም እኩል ይሻላቸዋል› ብዬ ነው የምጽፈው፤ ከዚያ ነገ ለሚመጣው በሽተኛ ማር አያስፈልግም እላለሁ። እሳቸው ተሽሏቸው ሌላው ይሰቃያል ማለት ነው። እስቲ ያቅርቡልኝ፣ ራሳቸው ይንገሩኝ።»

«መናገር ተከልክላ የለም እንዴ?»

«ማን ከለከላቸው?»

ሽኩር ወደ ኩሽናው በር ዞረ።

«ለልጅዎ እኮ በደንብ ነግሬያታለሁ» አለች ዶክተሯ። «ይጠጡ፣ ያኝኩ፣ እንደቻሉ ያውሩ። ያልኩት አይጩሁ ብቻ ነው። ጉሮሮ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይብሳል። ይሄን ሁሉ ቀን ዝም ብለዋል?»

«ዝም ብላለች» አለ ሽኩር። እንዲህ ብሎ ሲናገር ራሱንም አላመነውም። ዶክተሯ ደም ካዩ ወዲያው ይዘዋት እንዲመጡ አስጠንቅቃው፣ ስለ ማሩም አመስግና ዘጋች። ሽኩር ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከቶ የማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከኩሽና ብርጭቆ የሚታጠብ ድምፅ ይመጣል። ሲሃም ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ከንጋት ጀምራ ስታጥብ፣ ስትወለውል፣ የሶፋ ልብስ ስትቀይር ነው። አባቷ በሩ ላይ ሲቆም ቀና ብላ አየችውና ፊቱን አንብባ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ዶክተሯ ደወለች?»

«ደወለች።»

ሲሃም እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ለመካድ አልሞከረችም። «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪወጡ ብቻ። ከዚያ በኋላ እኔው እነግራታለሁ። ትግደለኝ።»

«እናትሽ እኮ ናት፣ ሲሃም።»

«አውቃለሁ። አፏን ከከፈተች ግን ፈሀድም እንደ ሌሎቹ ይመለሳል። አንተ ትናገርልኛለህ እንዳልል፣ አንተ...» አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለገም፤ ሁለቱም የተቀረውን ያውቁታል። ቧንቧው ትንሽ ጊዜ በመካከላቸው ፈሰሰ። ሽኩር ሄዶ ዘጋው። ከዚያ በሕይወቱ ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ፤ «ልጁን ትወጂዋለሽ?» ሲሃም በአፍረት ወደ መሬት አየች፣ ጆሮዋም እንደ አባቷ ቀላ። «ውሸት የማልወድ ሰው ነኝ እኮ፣ አባዬ» አለች፤ «ለማን ብዬ የዋሸሁ ይመስልሃል?»

ሳምቡሳና ለስላሳ ሊገዛ ወጣ። ባለ ሱቁ ለስላሳ ደግሞ ጨመረ ሲለው እንኳን ምን ያህል ብሎ አልጠየቀም። መንገዱን ሲሄድ አንድ ደስ የሚል ሐሳብ እግሩ ስር እንደ ድመት ይሽከረከርበት ነበር፤ አንድ ከሰዓት ብቻ ዝም ቢል። ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ዝም ማለት ደግሞ ሙያው ነው። ዙቤዳ መጋረጃ ኋላ ትተኛለች፣ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፣ እሱ አባት ሆኖ ሶፋው መሐል ይቀመጣል፣ ልጅቷ የወደደችውን ታገባለች፣ ማንም አይጎዳም። እንዲያውም እነዚህ ቀናት እንዴት ያለ ዕረፍት ነበሩ! ግን ዕረፍቱን ሲያስብ ከትላንት በስቲያ ማታ ትዝ አለው፤ ዜና እየተሰማ ሳለ ዙቤዳ በነገሩ ተናድዳ አፏን ከፍታ፣ አስታውሳ የዘጋችበት ጊዜ። እሱ ምን ልትል እንደነበር እስኪተኛ ድረስ ሲገምት ነበር። አልደረሰበትም፤ የገመተው ሁሉ እሷ ከምትለው ያነሰ ነበር። ዙሁርን መስጊድ ሰግዶ፣ ሳምቡሳውን ተሸክሞ፣ የዶክተሯ «ውሸቱ ነው» ማለት ከነድምፁ ጆሮው ውስጥ እየጮኸ ቤቱ ገባ።

ዙቤዳ መስታወት ፊት ሻሿን ታስተካክላለች። የማሩ ነገር ገና ስላልወጣላት ዞር ብላ አላየችውም። ሽኩር በሩን ዘጋ።

«ዙቤ» አለ፤ «መናገር ትችያለሽ።»

በመስታወቱ ውስጥ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

«ዶክተሯ ናት ያለችው። ከመጀመሪያውም አልተከለከልሽም። እንዲያውም ማውራቱ ይሻላል አለች።»

ዙቤዳ ዞረች። አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ፈራች። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ምራቋን እየተሰቃየች ዋጠች፤ ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ ቀጭን ክር የመሰለ ድምፅ መጣ። «ማነው?» ሽኩር ፈገግ አለ፤ አላስቻለውም። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ኮልፌ ሙሽራ ሆና የመጣች ሰሞን፣ ሰው ሳትለምድ፣ የነበራት ድምፅ ነው። አጠና ተራ ገብታ ዋጋ መጥራት ከጀመረች ወዲህ አልተሰማም። «ማነው የከለከለኝ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ሽኩር። «ዶክተሯ ስትናገር በደንብ ሳልሰማ ቀርቼ ነው።»

ዙቤዳ ጆሮውን አየች። «አንተ?» አለች በዚያው በቀጭኑ ድምፅ። «አንተ ሳትሰማ? ጎረቤት ሲያስነጥስ ማን እንደሆነ ለይተህ የምታውቅ ሰውዬ!» ኩሽና ውስጥ የብርጭቆው ድምፅ ቀጥ አለ። ዙቤዳ የበሩን አቅጣጫ አየች፣ ሽኩርን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ንዴት ፊቷ ላይ ወጥቶ ሲወርድ፣ ሲወርድም ሌላ ነገር ሲተካበት ሽኩር አየ። «ይሄን ሁሉ ቀን» አለች፤ «ውኃውንም ሽንቱንም በእጄ እየጠቆምኩ...» ድምፅዋ ተቆረጠ። ዋጥ አደረገችና ቀጠለች። «ይህን ያህል ትፈልገዋለች?»

ሽኩር አዎን በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ተናገር እንጂ! እኔ ሳወራ ትነቀንቃለህ፣ እኔ ዝም ስል ትነቀንቃለህ!»

«ትፈልገዋለች» አለ ሽኩር። ከጀመረ ወዲያ መቆም አቃተው። «ልጁ ደግሞ ነውር የለበትም፤ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አስጠይቀሻል። የምትከለክያት በልጁ አይደለም። ከሥራ እስክትመጣ እራት አትቀምሺም። በመስኮት እያየሽ ነው የምታመሺው። እሷ ከሄደች ከእኔ ጋር ዝም ተባብለን ማምሸቱን ፈርተሽ ነው።»

ዙቤዳ ትመልስልኛለች ብሎ ጠበቀ። አልመለሰችም። አሁን ያለችው ዝምታ ሐኪምም ልጅም ያላዘዙት ነው፤ ሽኩር ከዚያ ሁሉ ቀን ይልቅ ይህቺን ቅጽበት ፈራት። በመጨረሻ እጇን አወናጨፈች። «ውጣ» አለች። «ሻሼን ልሰር።»

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። የሽኩር ወንድም አብሮት ሊቀመጥ ከሳንሱሲ ተነስቶ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋግቶበት ገና አልደረሰም። ስለዚህ ሽኩር ሶፋው መሐል ብቻውን ሆነ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሀጂ አብራር፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ በአስኮ ያለ እሳቸው ኒካህ አይታሰርም የሚባሉ ሰው ናቸው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ በጎን አየት አድርገው፣ «እናቲቱ እንዴት ናቸው? መናገር አይችሉም ብለውን አዝነናል፤ አላህ ያሽራቸው» አሉ። ሐዘናቸው ፊታቸው ላይ ብዙ አልቆየም። ሳምቡሳውን ቀምሰው ወደ ነገራቸው ገቡ። ስለ ትዳር ክብር ተናገሩ፣ ስለ ጎረቤት ፍቅር ተናገሩ፣ ስለ ፈሀድ ሱቅ ስፋት፣ ስለ ሴራሚኩ ጥራት፣ ስለ አባቱ ደግነት ተናገሩ፤ መንገዳቸውን ማንም አልዘጋባቸውም። ሲሃም የለስላሳ ትሪ ይዛ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። «እንግዲህ» ብለው ደመደሙ ሀጂ አብራር፤ «ልጃችሁን ልጃችን አድርጉልን፣ ልጃችንን ልጃችሁ እናድርግላችሁ።»

ሁሉም ሽኩርን አዩት። በዚህ ጊዜ የሚባል ነገር እንዳለ ያውቃል፣ ሌሎች አባቶች ሲሉትም ሰምቷል፤ አሁን ግን ከራሱ ውስጥ ጠፋበት። የመጣለት ሌላ ነው።

«ልጁ በሽተኛ አስታሞ ያውቃል?»

ሀጂ አብራር ግራ ተጋቡ። «እሱስ ጤነኛ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩት» አለ ሽኩር። «ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም ይነሳል ወይ? ቡላውን አቅጥኖ፣ አቀዝቅዞ፣ በማንኪያ ያጎርሳል ወይ? ትራስ ሲወረወርበት አንስቶ ይመልሳል ወይ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሲመጡ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አልተዘጋጁም። እስካሁን ዝም ብለው ሳምቡሳ ሲበሉ የነበሩት ሦስተኛው ሰው፣ የፈሀድ አጎት፣ አፋቸውን ጠረጉ። «አባቱ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ፣ ያጥበው የነበረው እሱ ነው» አሉ። «እህቶቹ አሉ፣ እኔም አለሁ። ለማንም አሳልፎ አይሰጥም ነበር።» ሀጂ አብራር ይህን ነገር ቀድመው ስላልሰሙና ንግግራቸው ውስጥ ስላላስገቡት ቅር አላቸው። ሽኩር ደስ አለው። ደስታው ግን ወዲያው በፍርሃት ተተካ፤ መጋረጃው ኋላ ያለችው ሴት ምን እንደወሰነች አያውቅም። ቤቱ የሁለቱም ነው። ስለዚህ አባቶች የሚሉት ነገር አሁን ትዝ አለውና፣ «መልካም ነው» አለ፤ «እንግዲህ ከእናቷ ጋር ተመካክረን መልሱን እንልካለን።»

የሽማግሌዎቹ ፊት ጠወለገ። በዚህ ቤት «እንመካከራለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከሌሎቹ ሰምተዋል። ሲሃም ለስላሳውን ሳታድል ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሀጂ አብራር ከዘራቸውን ፈለጉ።

«ምን ምክክር ነው ደግሞ?» አለ መጋረጃው።

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። «ሱብሃነላህ!» አሉ ሀጂ አብራር። መጋረጃው ተገለጠና ዙቤዳ አዲስ ሻሿን አስራ፣ አንድ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ወጣች። «ተመካክረናል» አለች በዚያች ቀጭን ድምፅ፤ «ቀትር ላይ። ልጅቷን ሰጥተናል በላቸው።» ከዚያ ሽኩር እስኪልላት አልጠበቀችም። ቤታቸው ከኮልፌ እንዳይርቅ፣ ቅዳሜ ማታ ልጅቷም ልጁም እዚህ እንዲያመሹ፣ ኒካሁ ከረመዳን በፊት እንዲሆን፣ አዳራሹን ግን እሷ ሳታየው እንዳይያዝ ተናገረች። በየመሐሉ እየቆመች ትውጣለች፣ እንባዋ ይመጣል፣ ትጠርጋለች፣ ትቀጥላለች። ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሳ ሀጂ አብራር ወደፊት ተንጠራሩ፣ አጎትዬው ማኘክ አቆሙ፣ ከመንገድ የሚመጣውን የታክሲ ጩኸት ለመከልከል ሽኩር ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ዙቤዳ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ጮኻ ተናግራለች፤ እንዲህ ተሰምታ ግን አታውቅም። እሷም ነገሩ የገባት መሰለ፤ ከሚገባው በላይ አስረዘመችው። ዱዓ ሲደረግ እንኳን በአሚኑ መሐል ስለ አዳራሹ አንድ ነገር ጨመረች።

ሽማግሌዎቹን ሽኩር እስከ ፌርማታው ሸኝቷቸው ሲመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሲሃም የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ አልገባችም፣ አልወጣችም። ዙቤዳ አልጋው ላይ ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች። እናትና ልጅ ሁለቱም የሚባለውን ያውቁታል፣ ማንኛቸውም አይጀምሩትም።

«ነይ» አለች ዙቤዳ በመጨረሻ። ሲሃም ገባችና እግሯ ስር ተቀመጠች። «ምን አድርጎልሽ ነው፣ ለሱ ብለሽ እናትሽን ያፈንሻት?»

ሲሃም ብዙ አሰበች። «ምንም» አለች። «ሳወራ ያዳምጠኛል።»

ዙቤዳ በሩ ላይ የቆመውን ባሏን አየችው፤ ረጅም፣ ዕቃ የሚመረምር ሰው አስተያየት። «እንደሱ ያለውን አውቀዋለሁ» አለች። «ዕድሜ ልክሽን ያዳምጥሽና፣ ያዳምጥሽና፣ አንድ ቀን ሽማግሌ ሊመጣ ሲል በር ዘግቶ ያጠራቀመውን ሁሉ ባንዴ ይነግርሻል። ሻሽሽን እንኳን ሳታስሪ።»

ሲሃም የእናቷን ጉልበት አቅፋ ማልቀስ ጀምራ ሳቅ አመለጣት። ሽኩርም ሳቀ። ዙቤዳ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ አልሆነላትም፤ መሳቅ ደግሞ ከመዋጥም ከመናገርም ይልቅ ያማል። ጉሮሮዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ «አታስቁኝ፣ በአላህ አታስቁኝ» እያለች በሌላው እጇ የልጇን ጀርባ ትደልቅ ጀመር።